«ስትራዲቫሪዩስ» የሚል ወረቀት ያለበት የአባቴ ቫዮሊን፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ቫዮሊን አላቸው። አባትየው በ1970ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ላይፕዚግ ሲማሩ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝተው አዲስ አበባ ይዘውት ገቡ። ውስጡ «አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ ክሬሞኔንሲስ ፋቺዬባት አኖ 1721» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አጠገቡ መስቀልና ሁለት ፊደላት ያሉበት ክብ ማኅተም አለ። አንድ ዘመድ «ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ ለማንም እንዳታሳዪ» ብሏቸዋል። አንድ ዕቃ ገዢ ደግሞ «ተራ ነው» ብሎ በትንሽ ብር ሊወስደው ይፈልጋል። ፊቱ ላይ ስንጥቅ ስላለ አንድ አናጢ ስንጥቁን በኮላ ዘግቶ ቫርኒሹን ሊያድስላቸው ተስማምቷል። ማን ሠራው፣ ስንት ያወጣል፣ ይጠገን ወይ? ፎቶዎችም አያይዘዋል።

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ለአናጢው ይደውሉና «ይቆይ» ይበሉት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ቫርኒሹ ከተፋቀ ግን መመለሻ የለውም።

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ ቫዮሊኑን ታዋቂው የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ አልሠራውም። ይህን ለማለት የላኳቸው ፎቶዎች ይበቁኛል። ዕቃ ገዢው እንዳለውም ግን «ተራ» ብዬ አላልፈውም። በእኔ ግምት ከላይፕዚግ በስተ ደቡብ፣ በዛክሰንና በቦሄሚያ (በዛሬው ጀርመንና ቼክ) ድንበር ላይ፣ ማርክኖይኪርሸን በምትባል ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች፣ ከ1880 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። አባትዎም ከተሠራበት ብዙ ሳይርቁ ነው የገዙት። ሠሪው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውንም ማንም አልመዘገበው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወረቀቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የላቲኑ ጽሑፍ «የክሬሞናው አንቶኒዩስ ስትራዲቫሪዩስ በዚህ ዓመት ሠራው» ይላል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በጀርመን፣ በቦሄሚያና በፈረንሳይ በሚሠሩ ርካሽ ቫዮሊኖች ውስጥ ይህ ወረቀት በገፍ ተለጥፏል። የሌሎች ስመ ጥር ሠሪዎች፣ የጓርኔሪ፣ የአማቲና የሽታይነር፣ ስም ያለባቸውም እንደዚሁ ሞልተዋል። ሲሸጡ ግን ገዢው አልተታለለም። ሲርስ ሮቡክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በካታሎጉ «የስትራዲቫሪዩስ ሞዴል» እያለ በጥቂት ዶላር በፖስታ ይልክ ነበር፤ ገዢውም የሚገዛው ቅርጹን መሆኑን ያውቃል። ጀርባው ላይ ሮናልዶ የተጻፈበት ማሊያ የለበሰ ልጅ «ሮናልዶ ነኝ» አላለም። ችግሩ የሚመጣው ገዢው አርፎ፣ ካታሎጉ ጠፍቶ፣ የልጅ ልጅ ቁም ሣጥን ላይ ሣጥኑን ሲያገኝ ነው።

በእርስዎ ወረቀት ላይ የዓመቱ አራት አኃዞች በሙሉ ታትመዋል። ስትራዲቫሪ ግን ወረቀቱን ሲያሳትም ለዓመቱ መጨረሻ ባዶ ቦታ ይተውና ቫዮሊኑ ሲያልቅ በእጁ በቀለም ይሞላው ነበር። በስተርጅናው ዕድሜውንም ጨምሮ የጻፈበት ጊዜ አለ። በ1736 በሠራው ላይ «የ92 ዓመት» የሚል የእጅ ጽሑፍ ይገኛል፤ የልደት መዝገቡ ስላልተገኘ በ1644 ገደማ ተወለደ የሚባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ቢሆንም በወረቀት ብቻ አልፈርድም። ወረቀት በሙጫ የተያዘ ነገር ነው። እውነተኛው ከአንዱ ተፍቆ ሌላው ውስጥ ሲለጠፍ ኖሯል፤ በደህና ጥንታዊ ቫዮሊን ውስጥም የበለጠ እንዲያወጣ ተብሎ የሌላ ሰው ስም ገብቷል። «የጀርመን ሥራ የሚል ጽሑፍ ስለሌለው ከጥንት ነው» የሚለውም ክርክር አያስኬድም። ማኪንሊ በመባል የሚታወቀው የ1890 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ አገር የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጀርመን» የሚል ካለ ከ1891 ወዲህ ለመላክ የተሠራ ነው ማለት እንችላለን። ከሌለ ግን ምንም ማለት አንችልም፤ እዚያው አገር ውስጥ የተሸጠው መጻፍ አላስፈለገውም። የአባትዎም ከዚያው ገበያ የተገዛ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። የስትራዲቫሪን እጅ ሳያውቁ የእርስዎን ከእሱ መለየት ስለማይቻል ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል።

ክሬሞና በሰሜን ጣሊያን በፖ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቫዮሊንን ዛሬ በምናውቀው ቅርጽ እዚያ ያጸናው በ1577 የሞተው አንድሬያ አማቲ ነው። በ1630 ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ ከቤተሰቡ ሙያውን ይዞ የተረፈው የልጅ ልጁ ኒኮሎ ነበር። ኒኮሎም ከዘመድ ውጪ ያሉ ልጆችን ማስተማር ጀመረ፤ የአንድ ቤት ሙያ የከተማ ሙያ የሆነው ያኔ ነው። ስትራዲቫሪ በ1680 በሳን ዶሜኒኮ አደባባይ ቤት ገዝቶ ዲሴምበር 18 ቀን 1737 እስኪሞት ድረስ እዚያው ሠራ። ሁለት ልጆቹ ፍራንቼስኮና ኦሞቦኖ አብረውት ነበሩ፤ እነሱም በ1743 እና በ1742 ተከታትለው ሞቱ። ከሥራዎቹ ዛሬ የቀሩት 650 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቫዮሊኖች ሲሆኑ ከቫዮሊን ተለቅ የሚሉት ቪዮላና ቼሎ፣ ጊታርም አለባቸው። በአንድ ሰው ዕድሜ ያን ያህል ሲሠራ ሌላ እጅ አልነካውም ማለት ይከብዳል፤ «የስትራዲቫሪ» የምንለውም የአንድ ቤት ሥራ ነው።

ሌላው ልጁ ፓኦሎ የጨርቅ ነጋዴ ነበርና የአባቱን መሣሪያዎች በ1770ዎቹ ለኮንት ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ሸጠለት። ኮንት የምለው የመኳንንት ማዕረጉን ነው። ባይገዛቸው ኖሮ ስለ አሠራሩ የምናውቀው ግማሹን አይሆንም ነበር። የእንጨት ቅርጾቹና የወረቀት ንድፎቹ ዛሬ ክሬሞና በሚገኘው የቫዮሊን ሙዚየም ተቀምጠዋል።

እነዚያ ቅርጾች ናቸው ቁልፉ። ክሬሞና ላይ ቫዮሊን ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚሠራው። ዋልነት በሚባለው ጠንካራ እንጨት በቫዮሊን ምስል የተቆረጠ ወፍራም ሳንቃ ይዘጋጃል። በሱ ዙሪያ፣ ከላይ፣ ከታችና በአራቱ ማዕዘን፣ ትናንሽ የአኻያ ወይም የስፕሩስ ጉማጆች ይቀመጣሉ። ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ሜፕል ከሚባል እንጨት የተሠራ ጎን በሙቀት እየታጠፈ በጉማጆቹ ላይ ይጣበቃል። ጎኑ በጀርባና በፊት በኩል በቂ መያዣ እንዲኖረው ከውስጥ ቀጭን የአኻያ ዘንግ ይለጠፍለታል፤ ስትራዲቫሪ የዚህን ዘንግ ጫፍ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ጉማጅ በመሮ ፈልፍሎ ይሰካዋል። ማንም በማያየው ቦታ የተሠራ መጋጠሚያ ነው፤ እኔ ግን ከውጪው ውበት ሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ቅርጹ ከውስጥ ይወጣና ለሚቀጥለው ይቀመጣል።

ፊቱ ስፕሩስ ነው፤ ከአልፕስ ተራራ የሚመጣ፣ ዓመታዊ ክቦቹ የተጠጋጉ፣ ቀላልና ጽኑ የጥድ ዓይነት። ጀርባው፣ ጎኑና ራሱ ሜፕል ናቸው። ፊቱ ተጠርቦ ሲያልቅ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ቦታ አለው። የገመዶቹን ጫና የሚችለው በጉብታው ነው።

ቫርኒሹ ላይ ብዙ ተወርቷል። በ2009 ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎች በሙዚየም ያሉ አምስት የስትራዲቫሪ ሥራዎችን ቫርኒሽ መርምረው ያገኙት በዚያ ዘመን ማንኛውም ሠዓሊ የሚያውቀውን ነገር ነው፤ የሚደርቅ ዘይት፣ የጥድ ሙጫና ጥቂት ቀይ ቀለም። «የጠፋው ምስጢር» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ማንሣት አይወዱም።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ ለእርስዎ ቫዮሊን በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው። በስትራዲቫሪ ዘመን የቫዮሊን አንገት አጠር ያለ ነበር፤ ከውስጥ በምስማር ተመትቶ ነው የሚያያዘው። ከ1800 ግድም ወዲህ ሙዚቃው ከፍ ያለ ድምፅና የበለጠ ጫና ሲፈልግ አሮጌዎቹ ቫዮሊኖች አንገታቸው ተቆርጦ ረዘም ያለና ወደ ኋላ ያዘነበለ አዲስ አንገት ገባላቸው። ራሳቸው ግን አልተጣለም፤ ከአዲሱ አንገት ጋር ተጋጥሞ ቀረ። ስለዚህ በ1721 የተሠራ ቫዮሊን መቃኛዎቹ ከሚሰኩበት ሣጥን ጎን ላይ የመጋጠሚያ መስመር ሊታይበት ይገባል። አንገቱ ሳይነካ የቀረ እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1690 ለፍሎረንስ ገዢዎች ለሜዲቺ ቤት የተሠራውና ዛሬ ፍሎረንስ ያለው ትልቁ ቪዮላ አንዱ ነው።

ፎቶዎን ስከፍት መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው። መስመሩ አለ! ዘመድዎ ባለሙያ አሳይቶ ከሆነ ሰውየው በዚህ ተታሎ ይሆናል። አጉልተው ይዩት። በሁለት እንጨት መካከል ያለ መጋጠሚያ ቢሆን የሜፕሉ መልክ፣ ያ ነብር መሰል ሽንትር፣ መስመሩ ላይ ይቋረጥ ነበር። የእርስዎ ላይ ሽንትሩ ከዚህኛው ወገን ወደዚያኛው ሳይዛነፍ ያልፋል። መስመሩ በስለት የተጫረ ነው፤ ጥቁር ቀለም ገብቶበታል። ሠራተኛው አንገቱ የተለወጠ አሮጌ ቫዮሊን እንዲመስል ብሎ ጭሮታል። እንዲህ ያለውን ሳይ እስቃለሁ፤ የሰው ልጅ እድሳትን ሳይቀር ይኮርጃል።

የራሱን ጥቅልል ደግሞ ከኋላና ከፊት ይመልከቱት። ሁለት ቦዮች መሐላቸው ሸንተረር ይዘው ይዞራሉ። በደህና ሠሪ እጅ ቦዩ ጥቅልሉን ዞሮ በፊት በኩል እስከ ጉሮሮው ድረስ ይገባል። በእርስዎ ላይ ታች ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንጨት ለስልሶ ብቻ ቀርቷል። ቦታው ጠባብ ነው፣ መሮ አያዞርም፣ ጊዜ ይበላል፤ በቁራጭ ለሚከፈለው ሰው ደግሞ ጊዜ ማለት የቤቱ ዳቦ ነው።

ቫርኒሹም እንዲሁ ይናገራል። የጀርባው መሐል ላይ ቀለሙ ነጣ ብሎ ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፤ ያረጀ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተቀባ ነው። በእውነት ሲያረጅ የሚነጣው ሌላ ቦታ ነው፤ እጅ የሚያርፍበት የቀኝ ትከሻውና አገጭ የሚነካው። የእርስዎ ትከሻው ላይ ቫርኒሹ ሙሉ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? በ1677 ከቦሄሚያ በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው የመጡ 12 ፕሮቴስታንት ቫዮሊን ሠሪዎች ማርክኖይኪርሸን ላይ ማኅበር አቋቋሙ። ስትራዲቫሪ ያኔ ገና በሠላሳዎቹ ነበር። ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ሾንባኽም (ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሉቢ የሚባለው) ካቶሊክ ሆነው የቀሩትን ይዞ በዚያው ሙያ ቀጠለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ተከፋፈለ። አንዱ ቤት ራስና አንገት ብቻ ይቀርጻል፤ ሌላው ፊትና ጀርባ ብቻ፤ ሌላው ሣጥኑን ይገጥማል፤ ሌላው ቫርኒሽ ይቀባል። ሥራው የሚሠራው በየመኖሪያ ቤቱ ስለነበር ሚስትም ልጅም ይገቡበታል። ነጋዴው በደርዘን ይገዛል፣ ያስገጣጥማል፣ የሚፈለገውን ወረቀት ለጥፎ ይልካል።

ስንቱን እንደላኩ ለመገመት አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። አሜሪካ ለዚያች ትንሽ ከተማ ብላ ከ1893 እስከ 1916 ድረስ የቆንስላ ጽሕፈት ቤት ከፍታ ነበር። ቫዮሊንና ቀስት፣ ገመድና መቃኛ ለሚጭኑ ሣጥኖች ወረቀት የሚፈርም ሰው አስፈልጎ ነው።

እነዚህ ሰዎች ቅርጽ አልተጠቀሙም። ጎኑን በቀጥታ ጀርባው ላይ እያቆሙ ነው የሠሩት፤ ስለዚህም የጎኖቹ መጋጠሚያ የማዕዘኑ ጫፍ መሐል ላይ ይወድቃል፤ የእርስዎ ላይም በግራ ታችኛው ማዕዘን በግልጽ ይታያል። በርካሾቹ ላይ የማዕዘን ጉማጅ ጨርሶ የለም፤ ወይም ሰው በኤፍ ቀዳዳው (ፊቱ ላይ ባለው የኤፍ ፊደል ቅርጽ ባለው ቀዳዳ) ሲያጮልቅ እንዲያይ ብቻ ታችኛው ማዕዘን ላይ ስስ ሳንቃ ይደረግበታል። ከፊቱ ሥር የሚሄደውና ወፍራም ገመዱን የሚደግፈው ዘንግ ደግሞ ተለይቶ ተሠርቶ መለጠፍ ሲገባው ከራሱ ከፊቱ እንጨት ሳይነሣ ይተዋል።

ይህን ራስዎ ማየት ይችላሉ። የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምባትን ዓይነት ትንሽ መስታወትና የስልክ መብራት ይበቃል። መስታወቷን በኤፍ ቀዳዳው ቀስ ብለው ያስገቡ፤ የቀዳዳውን ጠርዝ እንዳትነካ ጨርቅ ይጠቅልሉባት። ወደ ላይ አዙረው የፊቱን ውስጥ ያብሩት። ከቀዳዳው አጠገብ ያለው እንጨት ለስላሳ ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ የመሮ ፍቅፋቂ እንደ ተተወ ካዩ የደርዘን ሥራ ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የተለሰለሰው። ውስጡ ሁሉ እኩል የተጠረበ፣ ዘንጉ ተለይቶ የተለጠፈ፣ አራቱም ማዕዘን ጉማጅ ያለው ከሆነ ግን ከዚያው አካባቢ ሆኖም ከተሻለ ሠራተኛ የወጣ ነው፤ ማርክኖይኪርሸን ውስጥ ስማቸውን የሚያስጠሩ ሠሪዎችም ነበሩ። በጠርዙ ዙሪያ የሚሄዱትን ጥቁር መስመሮችም በአጉሊ መነጽር ይዩ። የስፕሩሱ ክሮች መስመሩን አልፈው የሚሄዱ ከሆነ በቀለም የተሰመረ ነው። ከፎቶው እንደማየው የእርስዎ ግን እውነተኛ ነው፤ ሦስት ስስ እንጨቶች ተቆፍሮ በተሠራ ቦይ ገብተዋል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

የእንጨት ክብ ቆጠራስ? ይቻላል። የፊቱ ክቦች ስፋት ተለክቶ ከአልፕስ ዛፎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ኦክስፎርድ ያለው «መሲሕ» የተባለው የ1716 ስትራዲቫሪ እውነተኛነቱ ሲያከራክር በዚህ መንገድ የመጨረሻው ክብ ከ1680ዎቹ መሆኑ ታውቋል። ዘዴው ግን የሚነግረው ዛፉ ከዚያ በፊት አለመቆረጡን ነው፤ ሠሪውን አይነግርም። ለእርስዎ የምርመራው ዋጋ ቫዮሊኑ ከሚያወጣው ሊበልጥ ስለሚችል አልመክርም።

ስለ ዋጋ። በወረቀትዎ ላይ ባለው ዓመት፣ በ1721፣ ስትራዲቫሪ በእርግጥ የሠራው «ሌዲ ብለንት» የሚባል ቫዮሊን አለ። በ2011 የጃፓን የሙዚቃ ድርጅት ለመሬት መንቀጥቀጡና ለሱናሚው ተጎጂዎች ርዳታ ሲል በጨረታ ሸጦት 15.9 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ዘመድዎ የሰሙት ወሬ ከዚህ ሰፈር ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ዓይነት ቫዮሊን በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ እንደ ጤንነቱና እንደ አሠራሩ ከጥቂት መቶ እስከ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ያወጣል። ስንጥቁ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ተሰክቶ የተሠራው መስመርና ደህናው ሜፕል ወደ ላይ። ዕቃ ገዢው ስንት እንዳለዎት አልጻፉልኝም፤ ግን ሳይጠገን አይሽጡለት።

ዋጋና ድምፅም አንድ አይደሉም። በ2010 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው ተጋርዶ ሦስት አዳዲስ፣ ሁለት የስትራዲቫሪና አንድ የጓርኔሪ ቫዮሊን እንዲሞክሩ ተደርጎ ነበር። ከሁሉ ያነሰ ምርጫ ያገኘው አንደኛው ስትራዲቫሪ ነው። ጊዜም ምርጫን ይለውጣል። 18ኛውን ክፍለ ዘመን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከስትራዲቫሪ ይልቅ የሚከበረው የቲሮሉ ያኮብ ሽታይነር ነበር። ጣሊያናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ቪዮቲ በ1782 ፓሪስ ላይ መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው ሚዛኑ የዞረው፤ አዳራሾች ሲሰፉ ሩቅ የሚሄድ ድምፅ ተፈለገ። በደንብ የተስተካከለ የማርክኖይኪርሸን ቫዮሊን ለተማሪም፣ ለመዘምራንም፣ በየምሽት ቤቱ ለሚጫወት ሰውም ከፋብሪካ ከሚወጣው አዲስ ርካሽ ቫዮሊን የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። እንጨቱ መቶ ዓመት ደርቋል፤ በእጅ ተጠርቧል።

አሁን ወደ ስንጥቁና ወደ አናጢው። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከቆዳ በሚቀቀል ኮላ ነው። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ መቶ ዓመት ቆይቶም ሳይጎዳ ይከፈታል፤ እንጨቱ በድርቅ ሲኮማተርም መጀመሪያ የሚለቀው ኮላው ስለሆነ ሳንቃው ይተርፋል። አናጢ ቤት ያለው ነጩ ኮላ እንዲህ አይለቅም። ስንጥቅ ውስጥ አንዴ ከገባ ቀጣዩ ጠጋኝ እንጨት ሳይቆርጥ አያወጣውም፤ የቆዳ ኮላም በላዩ አይዝም። ቫርኒሹ ደግሞ ተፍቆ በአዲስ ከተቀባ ከዋጋው ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ የሚጨመረው ወፍራም ሽፋንም ድምፁን ያፍናል። አናጢውን አላሳንስም፤ በር ቢሠራልኝ ደስ ይለኛል፤ ሙያው ግን ሌላ ነው።

ትክክለኛው ጥገና ስንጥቁን አጽድቶ በትኩስ የቆዳ ኮላ መዝጋት፣ ከውስጥ ደግሞ ክራቸው ስንጥቁን የሚያቋርጥ ትናንሽ የስፕሩስ ጠጋዎችን መለጠፍ ነው። ከፎቶው ስንጥቁ በግራ በኩል ከኤፍ ቀዳዳው ጫፍ ወደ ታች ይሄዳል። እዚያ ሲሆን ቀላል ነው። በቀኝ በኩል፣ ገመዶቹ ከሚያርፉበት ድልድይ እግር ሥር፣ ፊትና ጀርባን የምትደግፈው ትንሽ ዘንግ የቆመችበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሥራ ይጠይቅ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ሌላ ቀጭን ስንጥቅ እንደሌለ በጎን ብርሃን ይዩልኝ።

እስኪጠገን ድረስ ገመዶቹን ላላ ያድርጓቸው፤ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አይፍቱ፣ ያቺ ዘንግ ትወድቃለች። በአልኮል አይጥረጉት፤ ቫርኒሹን ያሟሟዋል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፤ ስንጥቁም የመጣው በዚያ ይመስለኛል። ከፀሐይ አርቀው ሣጥኑ ውስጥ ያኑሩት፤ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመቸዋል። ስለሚንሸራተተው መቃኛ ጽፈዋል፤ አውጥተው የሚገባውን ክፍል በደረቅ ሳሙና ጥቂት ካሹት በኋላ በጠመኔ አሽተው ይመልሱት፣ ይይዛል። ለጥገናው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉትን የቫዮሊን መምህራን ለማን እንደሚሰጡ ይጠይቁ፤ የራሳቸውን መሣሪያ የሚጠግንላቸው ሰው ይኖራቸዋል። የሚጠቁሙዎትን ሰው «በምን ኮላ ነው የምትሠራው?» ብለው ይጀምሩ።

አንድ ነገር ቀረ። ቫዮሊኑን ከየአቅጣጫው አንሥተው ልከዋል፤ በሣጥኑ ክዳን ላይ የተሰካውን ቀስት ግን ጫፉን ብቻ ነው የማየው። ማርክኖይኪርሸን የቀስት ሠሪዎችም ከተማ ናት፤ ከብራዚል በሚመጣ ፐርናምቡኮ በሚባል ቀይ እንጨት የተሠራ ጥሩ ቀስት በሣጥኑ ውስጥ ካለው ቫዮሊን በላይ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፀጉሩ በሚታሠርበት፣ ከዞጲ በሚሠራው ጥቁር እጀታ በላይ፣ እንጨቱ ላይ በብረት የተመታ ስም ይኖር ይሆናል። ብርሃን በጎን አድርገው ያንሡትና ፊደሎቹን ከፎቶው ጋር እንዳሉ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ የተፋቀ ፊደል ካለ ቦታውን ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት።